ታየች ያስተማረችው ማካፈል

ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ አስተምሬአለሁ። ስድስቱን ዓመት ደብረ ብርሃን፣ የቀረውን አዲስ አበባ። ጡረታ ስወጣ አንድ የምስክር ወረቀትና አንድ የግድግዳ ሰዓት ተሰጠኝ። ሰዓቱ ሦስት ወር ሠርቶ ቆመ፤ ወረቀቱን ግን እስከ ናይሮቢ ይዤው መጥቻለሁ። ይህን የምነግራችሁ ልኮራ ብዬ አይደለም። የዚህ ታሪክ ባለቤት ታየች የምትባል እንቁላል ነጋዴ ናት፤ ምን እንዳደረግኳት ለመናገር ግን መጀመሪያ እኔ ማን እንደሆንኩ መታወቅ አለበት። ስሜ ብርሃነመስቀል ነው። ሰው ሁሉ መምህር ይለኛል፣ እኔም መባሉን እወደዋለሁ።

እዚህ የመጣሁት ባለቤቴ ካረፈች በኋላ ነው። ልጄ ራሔል ጊጊሪ ካሉት ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ትሠራለች፤ ኪሌሌሽዋ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ብቻህን አትሆንም ብላ አመጣችኝ። ቀን ቀን ግን ያው ብቻዬን ነበርኩ። እሷ በጠዋት ትወጣለች፣ የልጅ ልጄ አቢግያ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፣ እኔ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ከማዶ የሚሠራውን ሕንፃ ፎቅ እቆጥራለሁ። በር ላይ ያለው ዘበኛ "ሀባሪ ምዜ"፣ እንዴት ነህ ሽማግሌ፣ ይለኛል፣ "ምዙሪ"፣ ደህና፣ እለዋለሁ፣ የቀኑ ጨዋታዬ እዚያው ላይ ያልቃል። ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባል የለ? እኔ የራሴን ቆብ ትቼ የሰው ቆብ ነው የቀደድኩት።

እሑድ የምናስቀድስበት ቤተ ክርስቲያን ግቢው ሰፊ ነው። ቅዳሴ ሲያልቅ ወላጆች ከዛፍ ሥር ቆመው የሳምንቱን ወሬ ያወጣሉ፤ ልጆች ደግሞ ከጓሮ ወዳለችው የቆርቆሮ ክፍል ይሮጣሉ። ከሁሉም ቀድማ የምትሮጠው አቢግያ ነበረች። አራተኛ ክፍል ናት። ወዴት ነው ስላት "ቲቸር ታየች ጋ፣ ማትስ" ትለኛለች፣ ዞር ብላ እንኳ ሳታየኝ። ወደ ሒሳብ ክፍል የሚሮጥ ልጅ በሠላሳ አንድ ዓመቴ አይቼ አላውቅም። ደስ ሊለኝ ሲገባ ጥርጣሬ ገባኝ። ልጅን የሚያስሮጥ ሒሳብ አንድ የጎደለው ነገር አለ አልኩ።

አንድ እሑድ፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው፣ ተከትያት ገባሁ። አሥራ ሁለት ልጆች ሰሌን ላይ ተቀምጠዋል። በየፊታቸው ባዶ የእንቁላል ትሬይ አለ። ትሬይ የሚሉት እዚህ አገር እንቁላል በየሠላሳው የሚደረደርበትን፣ አምስት ረድፍ ያለውንና በየረድፉ ስድስት ጎድጓዳ የተሠራለትን የወረቀት መያዣ ነው። ከትሬዩ ጎን የለስላሳ ቆርኪ ተከምሯል። አጠር ያለች፣ ሹራብ ላይ ነጠላ ያጣፋች ሴት በመሐላቸው ተንበርክካለች።

አራት ረድፍ ሙሉ፣ አምስተኛውን ተዉት አለቻቸው። ሞሉ። ስንት ሆነ ብላ ጠየቀቻቸው። አንዱ ቆርኪውን በጣቱ እየነካ አንድ በአንድ ቆጠረ። አንዷ ስድስት፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ስምንት እያለች ዘለለች። አቢግያ ምንም ሳትነካ "አራት ጊዜ ስድስት፣ ትዌንቲ ፎር" አለች። ታየች ሦስቱንም ልክ ናችሁ አለቻቸው፣ አንድ በአንድ የቆጠረውንም ጭምር። ፊቴ የተቋጠረው እዚህ ላይ ነው። እኔ ክፍል በጣቱ የሚቆጥር ተማሪ ሁለት እጁ ላይ ተቀምጦ ነበር የሚማረው።

ቀጥላ ደግሞ በየስድስት እያነሳችሁ ስንት ጊዜ እንዳነሳችሁ ንገሩኝ አለች። አራት ጊዜ አነሱ፣ ትሬዩ ባዶ ሆነ። ሃያ አራት ለስድስት ሲካፈል ማለት ይኸው ነው አለቻቸው። እንደገና አስሞላችና ትሬዩን ወደ ጎን አዞረችው፤ አሁን ረድፉ ስድስት፣ በየረድፉ ያለው አራት ሆነ። በየአራት አስነሳቻቸው፣ ስድስት ጊዜ ሆነ። ከዚያ ሃያ አራቱን ዳግም አስሞልታ ሁለት ቆርኪ ጨምራ ሃያ ስድስት አደረገችና ትሬዩን ወደ ቦታው መልሳ በየስድስት አስነሳች፤ ሁለቱ ቆርኪ ሳይነሳ ቀረ። እነዚህ ረድፍ ያጡ ናቸው፣ ቀሪ ይባላሉ አለች።

"ሲሞላ ማባዛት ነው፣ ሲራገፍ ማካፈል ነው። ትሬዩ ያው አንዱ ትሬይ ነው" ብላ ጨረሰች። ልጆቹ አብረዋት አሉት፤ የለመዱት እንደሆነ ያስታውቃል።

ዛሬ ብትጠይቁኝ የማባዛትና የማካፈል ዝምድና በዚህ ልክ አጥሮ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም እላችኋለሁ። ያን ቀን ግን በሆዴ ከመጠምጠም መማር ይቅደም አልኩ። የእንቁላል ነጋዴ መሆኗን ራሔል ነግራኝ ነበር። ሒሳብ ደግሞ የእኔ ነው።

ስታየኝ ብድግ አለች። ክፍሉ ውስጥ ያለችውን አንዲት ወንበር በነጠላዋ ጫፍ ጠራርጋ "ጋሼ፣ ይቀመጡ" አለችኝ። ሰው ቢሆን አመስግኖ ይቀመጣል፣ ያዳምጣል፣ ይሄዳል። እኔ እንደ ኢንስፔክተር እግሬን አነባብሬ ተቀመጥኩና አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ አልኳት።

"ሠላሳ ለዜሮ ሲካፈል ስንት ነው?"

ለልጆቹ የሚጠቅም ጥያቄ አልነበረም። እኔ ማን እንደሆንኩ እንዲታወቅልኝ የወረወርኩት ነው። እሷ ግን የምር ጥያቄ መሰላት። አንድ ሙሉ ትሬይ ፊቷ አስጠጋች። በየዜሮው ላንሳ ብላ እጇን ሰደደች፣ ምንም ሳታነሳ መለሰችው። እንደገና ሰደደች፣ ባዶውን መለሰችው። ሦስተኛ ጊዜ እንደዚያው አደረገችና ቀና ብላ አየችኝ።

"ጋሼ፣ ይሄማ እስከ ማታ ባነሳ አያልቅም። ትሬዩ እንደሞላ ነው።"

ሳቅኩ። ፈገግታ አልነበረም፤ "እስከ ማታ!" እያልኩ ጉልበቴን እየመታሁ ነው የሳቅኩት። ልጅ የትልቅ ሰው ሳቅ ይከተላል፤ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ከዚያ ተነስቼ "ትርጉም የለውም ነው የሚባለው" አልኩና ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፍኩት። ልጆቹ ገለበጡት። አንቺ አረፍ በይ፣ እኔ ልቀጥልላቸው አልኳት። እሺ ጋሼ አለችና ቆርኪዋን በፌስታል መልቀም ጀመረች።

እሺ ማለቷን እንደ ፈቃድ ቆጠርኩት። በዕድሜ የሚበልጣትን፣ መምህር የሚባልን ሰው በሰው ፊት እምቢ የምትል ሴት እኛ ዘንድ የትኛዋ ናት? ይህን ለመገንዘብ ሒሳብ አያስፈልግም፤ አበሻ መሆን ይበቃል። እኔ ራሴ ስንት ርዕሰ መምህር እሺ ብዬ ሆዴ ሲያር ከርሟል። የራሴን ረሳሁት።

በሚቀጥለው እሑድ መልአኩ፣ ምግብ ቤት ያለውና የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ የሆነው፣ በሁሉም ፊት እግዜር መምህር ላከልን ብሎ አመሰገነኝ። ታየችን ስለ ድካሟ እናመሰግናለን አለና አለፈ። ማንም ምን ተሰማሽ ብሎ አልጠየቃትም። ሁለት እሑድ ከኋላ ቆማ ደብተር አደለች። ሦስተኛው ላይ ልጇን ሮሃን በር ድረስ አምጥታ ተመለሰች፤ ከዚያ በኋላ ያን ደፍ አልረገጠችውም። ሰሌኑ ተነስቶ ወንበርና ጠረጴዛ ሲገባ፣ ትሬዮቹን ክፍል ያጣብባሉ ብዬ ውጭ አስደርድሬአቸው ነበር። የሚያዝያ ዝናብ አገኛቸውና ሟሙተው የአመድ ቁልል መሰሉ፣ ጥበቃው በአካፋ ዛቀው።

ስለ ታየች የማውቀውን ሁሉ የሰማሁት ከዚህ በኋላ ነው። ግማሹን ከራሔል፣ ግማሹን ከመልአኩ፣ ጥቂቱን ከራሷ። ቀድሜ አልጠየቅኩማ።

የተወለደችው ከወልድያ ወጣ ብሎ ነው። ሰባተኛ ክፍል ሆና አባቷ ሞተ፤ ትምህርቷን ትታ የሰው ሱቅ ገባች። በሃያ ሁለት ዓመቷ አንዲት ነጋዴ ዘመዷን ተከትላ በሞያሌ በኩል ናይሮቢ ገባች። ሩንዳ አንድ የአገራችን ቤተሰብ ቤት ስድስት ዓመት ሠራች፤ ልጅ ታሳድጋለች፣ ታበስላለች፣ ትተኩሳለች። ቤተሰቡ ወደ ሌላ አገር ሲዛወር ለስንብት ፍሪጅ ሰጧት። ፍሪጁን ሸጣ እንቁላል ገዛችበት። ሾፌር የነበረው ባሏ ሮሃ ሁለት ዓመት ሲሞላት ደቡብ አፍሪካ ልሥራ ብሎ ወጣ፤ የመጀመሪያው ዓመት ደወለ፣ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ስለ እሱ ክፉ ስትናገር የሰማ የለም፣ ደግም ስትናገር የሰማ የለም።

ካዋንግዋሬ ሁለት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ጎሕ ሳይቀድ በማታቱ፣ በሚኒባስ ታክሲ፣ ሊሙሩ ትወጣለች፣ ከዶሮ አርቢዎች ትረከባለች፣ ተመልሳ ለአበሻ ምግብ ቤቶች በቦዳ ታከፋፍላለች። የሞተር ነጂው ፊት፣ ትሬዮቹ መሐል፣ እሷ ከኋላ ሆና በሁለት ክንዷ አቅፋቸው ትሄዳለች። መልአኩ በስምንት ዓመት አንድ የተሰነጠቀ እንቁላል አስረክባኝ አታውቅም ይላል። ቆርኪውንም የምትለቅመው እንቁላል ከምታደርስባቸው ምግብ ቤቶች ነበር፤ በፈላ ውሃና በኦሞ አጥባ ፀሐይ ላይ ታሰጣው ነበር አሉ።

ክፍሉን የጀመረችው በሮሃ ምክንያት ነው። ሮሃ ሦስተኛ ክፍል ሳለች ከትምህርት ቤት ወረቀት መጣ፤ ልጅዎ ማካፈልን በቁሳቁስ ማሳየት አልቻለችም፣ በቤት ያግዟት የሚል። እዚህ አገር የትምህርቱ አካሄድ እንደዚያ ነው፤ መልስ ብቻ አይበቃም፣ ልጁ ሥሎ ወይም ደርድሮ ማሳየት አለበት። ታየች እንግሊዝኛውን ጎረቤት አስነበበች። ማካፈል ለእሷም ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ጨለማ ነበር። ቤቷ ውስጥ ያለው ቁሳቁስ ትሬይ ብቻ ስለሆነ እሱን አልጋ ላይ ዘርግታ ከልጇ ጋር መደርደር ጀመረች። ሁለቱም አብረው ገባቸው። ሮሃ ለአቢግያ ነገረቻት፣ አቢግያ ሌላ ልጅ ጠራች፣ በሁለት ወር አሥራ ሁለት ሆኑ። ሳምንቱን ሙሉ "ማማ ማያይ"፣ የእንቁላሏ እመቤት፣ የምትባለው ሴት እሑድ እሑድ ቲቸር ተባለች።

እኔ ደግሞ የማባዛት ሠንጠረዥ ማሸምደድ ጀመርኩ። ከሁለት እስከ አሥራ ሁለት፣ በዜማ፣ ማስመሪያዬን ጠረጴዛ ላይ መታ መታ እያደረግኩ። ድምፁ ግቢው ድረስ ይሰማል፤ ወላጆች ይደሰታሉ፣ አንዳንዱ የራሱ ልጅነት ትዝ ብሎት ከውጭ አብሮ ይላል። ከሁሉም ጎበዝ ሮሃ ነበረች። ሰባት ጊዜ ስምንት ስላት ትንፋሽ ሳልወስድ ትመልሳለች። ፊት ወንበር አስቀመጥኳት፣ ልጆቹን አስጨበጨብኩላት። እሷም ደረቷን ነፍታ በሩ ላይ የቆመችውን እናቷን ሳታይ አልፋ ትገባ ጀመር። ይህን ያኔ አላስተዋልኩም። አስተውዬም ከሆነ ደስ ብሎኛል።

ሁለተኛው ተርም ሲያልቅ የአቢግያ የሒሳብ ውጤት መጣ፤ ከሚጠበቀው በታች ይላል። ራሔል ወረቀቱን ዘርግታ አሳየችኝ። አርባ ሁለት ለስድስት ሲካፈል የሚለው ላይ ሰባት ብላ ጽፋለች። በሥዕል አሳዪ፣ በውስጡ ያለውንም ማባዛት ጻፊ ከሚለው ሥር ባዶ ነው። እንደዚህ ያሉ አምስት ጥያቄዎች አሉ፤ አምስቱም መልሳቸው ልክ፣ ሥራቸው ባዶ። ደሜ ፈላ። መልሱ ልክ አይደለም ወይ፣ ነገ ሄጄ አነጋግራቸዋለሁ፣ እነዚህ ሒሳብ ያውቃሉ ወይ አልኩ። አቢግያ ሶፋው ላይ እግሯን አጣጥፋ ተቀምጣ ስትሰማኝ ቆየች።

"አባባ፣ መልሱን አይደለም የሚፈልጉት። ዋይ፣ ለምን፣ ነው የሚሉት" አለች።

"ስድስት ጊዜ ሰባት አርባ ሁለት ስለሆነ ነዋ!"

"ባት ያ እኮ ሶንጉ ነው።"

ዘፈኑ ነው አለችኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማርኩትን የዘጠኝ ዓመት ልጅ በአንድ ቃል ጠራችው። ልቆጣ አፌን ስከፍት ቀጠለች፤ ቲቸር ታየች ብትኖር ታሳየኝ ነበር አለች። ከዚያ ለራሷ እንደምታወራ ሆና፣ ያን ቀን ግን ቲቸር ታየች ልክ ነበረች አይደል፣ በዜሮ ስታነሺ ትሬዩ ኔቨር አያልቅም፣ ለዚያ ነው የማይሠራው፣ ሰው ሁሉ ለምን ሳቀ አለችኝ።

ታየች ልክ ነበረች። ማካፈል ደጋግሞ ማንሳት ከሆነ፣ በዜሮ የሚያነሳ ሰው መቼም አይጨርስም። ስንት ጊዜ ዜሮ ቢደረደር ሠላሳ አይሞላም፣ ስንት ጊዜ ዜሮ ቢነሳም ሠላሳ አያልቅም። እኔ ትርጉም የለውም ብዬ ስንት ሺህ ልጅ አስገልብጫለሁ፣ ለምን ትርጉም እንደሌለው ግን አንድ ቀን አላስተማርኩም። ማንም አልጠየቀኝማ። ቢጠይቀኝም እጁ ላይ አስቀምጠው ነበር። ያቺ ሰባተኛ ክፍል ያቋረጠች ሴት በመጀመሪያ ሙከራዋ፣ ባዶ እጇን ሦስት ጊዜ ሰዳ አገኘችው። እኔ ደግሞ ሳቅኩባት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፤ የእኔ ከሦስት ወር በኋላ ታወቀኝ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ካዋንግዋሬ ሄድኩ። ቤቷን መልአኩ ነበር የጠቆመኝ። ደጃፉ ላይ ተቀምጣ እያንዳንዱን እንቁላል የስልኳ መብራት ላይ እያስጠጋች የተበላሸውን ትለያለች። ስታየኝ ተነሳች፣ በርጩማ አመጣች፣ ከሱቅ ሶዳ አስመጣችልኝ። ሮሃ ውስጥ ሆና ሠንጠረዡን ስታዜም ይሰማኛል። ክፍሉ የአንቺ ነው፣ እባክሽ ተመለሺ፣ እኔ ከኋላ ቁጭ እላለሁ አልኳት። "እሺ ጋሼ፣ እመጣለሁ" አለች። ደስ ብሎኝ ሄድኩ፤ ሽማግሌ ሲሞኝ እንደዚህ ነው። በማግስቱ አልመጣችም። ስደውልላት እሺ ጋሼ በሚመጣው አለች። በሚመጣውም አልመጣችም። በሦስተኛውም ሮሃን በር ላይ አድርሳ ሄደች።

ሁለተኛ ጊዜ ሄድኩ። ሮሃ ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ነበር። በርጩማውን ስታመጣ አልቀመጥም አልኳት። እሺ አትበይኝ፣ ብትሰድቢኝም እውነቱን ንገሪኝ አልኳት። እንቁላሏን መደርደር ጀመረች። ከዚያ ቀና ሳትል ተናገረች።

"ስለጠየቁኝ ነው ጋሼ። እርስዎ ሲስቁ አልከፋኝም። የተማረ ባልተማረ ይስቃል፣ የለመድኩት ነው። ዞር ስል ግን ሮሃ አፏን በእጇ ይዛ ትስቃለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ደብተሯን አሳይታኝ አታውቅም። አምጪ ስላት አንቺ አታውቂውም፣ መምህርን እጠይቃለሁ ትለኛለች። ሁልጊዜ ማታ ማታ አልጋው ላይ አብረን ነበር የምንደረድረው። ክፍሉን ይያዙት ጋሼ፤ እኔ የተወሰደብኝ ክፍሉ አይደለም።"

ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። አድርጌያለሁ አለች፣ ድሮ ነው ያደረግኩት አለች። እውነቷን መሆኑ ፊቷ ላይ ያስታውቅ ነበር፣ እኔ ግን ይቅርታው ምንም እንዳልቀነሰልኝ ተሰማኝ። ወደ ማታቱው ስሄድ ከሮሃ ጋር መንገድ ላይ ተገናኘን። ጀሪካኗን አስቀምጣ፣ ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝ።

በማግስቱ እሑድ ልጆቹ ፊት ቆምኩ። ቲቸር ታየች ያን ቀን የመለሰችው ልክ ነበር፣ የሳቅኩት እኔ ስላላወቅኩ ነው፣ ስለዚህ የሚሳቅበት እኔ ነኝ አልኳቸው። ልጆቹ ሳቁ፤ የምቀልድ መሰላቸው። አቢግያ ብቻ ወደ ሮሃ ዞራ አየች። ሮሃ አንገቷን ደፍታ በእርሳሷ ጠረጴዛውን ትጭር ነበር።

ሲወጡ አስቀረኋት። ዛሬ ማታ ደብተርሽን ለእናትሽ አሳዪ፣ ከእኔ የበለጠ ታስረዳሻለች አልኳት።

"ትላንት አሳየኋት" አለች ሮሃ። "እርስዎ ቤት የመጡ ጊዜ ስትናገር ሰምቻታለሁ፣ ጀሪካን ረስቼ ተመልሼ ነበር። ማታ ወሰድኩላት። መምህርሽን ጠይቂ አለችኝ።"

ደብተሩን ከፍታ ፊቴ አስቀመጠችው። ሃምሳ ስድስት ለስምንት፣ በሥዕል አሳዪ ይላል። መልሱን ሰባት ብላ ጽፋለች፣ ከሥሩ ባዶ ነው። እኔ አላሳይሽም ማለት አልቻልኩም፤ የሰኞ የቤት ሥራ ነው። እርሳስ ወሰድኩና ስምንት ስምንት ክብ በየረድፉ መሣል ጀመርኩ። ቀስ ብዬ፣ እንደ እናቷ አድርጌ ለማስረዳት ሞከርኩ፤ በየረድፉ ስታነሺ ስንት ጊዜ ነው፣ ስትመልሺውስ፣ ብታዞሪውስ እያልኩ። አራተኛው ረድፍ ላይ ዓይኗ በራ፣ እርሳሱን ከእጄ ወስዳ የቀረውን ራሷ ጨረሰችው። ሳይገባት ቢቀር እንዴት በወደድኩ። አመሰግናለሁ መምህር አለችኝ። እናቷ ግቢው በር ላይ ቆማ ትጠብቃት ነበር፤ ሮሃ ደብተሩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ዚፑን ዘጋችና ወደ እሷ ሄደች።